በሦስተኛው ቀን ማን ይደውልላታል? የገጠር እናቶችን ጡት ማጥባት በስልክ መልእክት ለማገዝ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

አንዲት የገጠር እናት ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው እንበል። ጡቷ አግቷል፤ ጠንክሮ ያማታል። ሕፃኑ የጠነከረውን ጡት መያዝ አቅቶት ያለቅሳል። አማቷ «ጡቱን እምቢ አለ፣ ርቦታል፤ ትንሽ የስኳር ውሃ እናቅምሰው» ትላለች። ክፋት የለባትም፤ ልጁ አሳዝኗት ነው። ጤና ኬላው ሩቅ ነው። አራሷም ከቤት አትወጣም። ማታ ባሏ ከእርሻ ሲገባ በኪሱ ያለው ስልክ ይጮኻል። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ድምፅ ነው፦ «ጡትሽ ጠነከረብሽ አይደል? አይዞሽ፣ ወተቱ እየመጣ ነው። በእጅሽ ትንሽ አልበሽ አለስልሺውና አሁኑኑ አስይዢው።»

ይህ መመሪያ ያ ጥሪ በዚያ ቀን እንዲደርስ ምን ምን መሠራት እንዳለበት ይናገራል። የጻፍኩት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለጤና ጣቢያ አዋላጆች፣ በየወረዳው ለሚሠሩ አነስተኛ ድርጅቶችና ለበጎ ፈቃደኞች ነው። ምሳሌዎቼን የወሰድኩት ከአማራ ክልል ገጠር ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ቋንቋውንና ልማዱን ቀይራችሁ ተጠቀሙበት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። በእኛ አገር ገጠር ጡት የማታጠባ እናት ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ ከጡቱ ጋር የሚጨመረው ነው፤ ውሃው፣ ቅቤው፣ የአብሽ ውሃው፣ የላም ወተቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከስድስት ወር በታች ካሉ 100 ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙት 59ኙ ናቸው። ስለዚህ «ጡት አጥቢ» የሚል መልእክት ለገጠር እናት አዲስ ነገር አይነግራትም። የሚያስፈልጋት ሌላ ነገር ለመጨመር እጇ በሚዘረጋበት ቀን የሚደርስላት ቃል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ስልኩ የማን እንደሆነ እወቁ

ሥራው የሚጀመረው በደብተር ነው። የቀበሌውን ነፍሰ ጡሮች ዝርዝር ከቤተሰብ ማህደር፣ ማለትም ጤና ኬላው ለየቤተሰቡ ከሚይዘው መዝገብ አውጡ። ከዚያ እያንዳንዷን እናት ጠይቁ፦ ስልክ አለሽ? የራስሽ ነው ወይስ የባልሽ? ቀን ቀን ስልኩ የት ይውላል? የት ቻርጅ ታደርጋላችሁ? ቤት ውስጥ ኔትወርክ ይገባል ወይስ ዳገት መውጣት አለባችሁ? ሲም ካርድ ትቀያይራላችሁ?

እነዚህ ጥያቄዎች ጥቃቅን ይመስላሉ። ግን ሥራውን የሚያቆሙትም የሚጥሉትም እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ተመሳሳይ አገር አቀፍ ጥናት የራሷ ሞባይል ያላት ሴት ከ100ዋ 27 ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቀፎ በዝቷል። ቢሆንም ገጠር ላይ ስልኩ አሁንም በአብዛኛው በባል ኪስ ነው ያለው። ባል ገበያ ከዋለ መልእክቱም ገበያ ይውላል።

እናቶቹን በአራት ክፈሏቸው፦ የራሷ ስልክ ያላት፣ በባሏ ስልክ የምትገኝ፣ በጎረቤት ወይም በዘመድ ስልክ የምትገኝ፣ ጭራሽ ስልክ የሌላት። አራተኛዋን «አይመለከታትም» ብላችሁ እንዳታልፏት። ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ ድጋፍ የምትፈልገው እሷ ናት። ለእሷ መልእክቱን በአቅራቢያዋ ላለች የልማት ቡድን መሪ ላኩ። መሪዋ በቡና ሰዓት ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ታሰማለች። እንዲያውም አማቷም ጎረቤቷም አብረው ስለሚሰሙ አንዳንዴ ይኼ ከግል ስልክ ይበልጣል።

በየእናቷ ስም አጠገብ የሚመቻትን የጥሪ ሰዓትም ጻፉ። ለብዙዎቹ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው። የገበያ ቀን ቀን ላይ አትደውሉ።

2ኛ ደረጃ፦ ፈቃድ ጠይቁ፣ ምስጢር ጠብቁ

ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ሳትነጋገሩ አንድም መልእክት አትላኩ። ይህ ፎርማሊቲ ብቻ አይደለም። እናቷ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከስልኩ የሰማችውን ተቃራኒ ከተነገራት ሁለቱንም ማመን ታቆማለች።

ከዚያ እናቷን ብቻዋን ጠይቋት። ባሏ አጠገቧ ቆሞ «እሺ» ብትል እሺታው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ምን ዓይነት መልእክት እንደሚመጣ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ አንድም ሣንቲም እንደማይቆርጥ፣ በፈለገች ጊዜ ማቆም እንደምትችል ንገሯት። የገንዘቡን ነገር ደጋግማችሁ አስረዱ። ከማያውቁት አጭር ቁጥር የሚመጣ ሜሴጅ ሒሳብ ይበላል የሚል ፍርሃት በየቤቱ አለ። ሰው ሳያነብ ያጠፋዋል። የምትደውሉበትን ቁጥር እዚያው በስልኩ ላይ በስም መዝግቡላት፤ «ጤና ኬላ» ተብሎ ቢመዘገብ ይበቃል።

በጋራ ስልክ ላይ የሚላክ መልእክት ሁሉ በአደባባይ የሚነበብ ነው ብላችሁ አስቡ። ኤችአይቪን፣ የቤተሰብ ምጣኔን፣ ያለፈ ፅንስ ማስወረድን፣ የቤት ውስጥ ጠብን የሚነካ ቃል በፍጹም አይግባ። ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናት መድኃኒቷን እየወሰደች ማጥባት ትችላለች፤ ግን ይህን የምትሰማው ከጤና ባለሙያዋ በአካል ነው።

የስም ዝርዝሩን በቴሌግራም ግሩፕ አትለጥፉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው ጤና መረጃ ያለ ፈቃድ መበተን በሕግም ያስጠይቃል።

3ኛ ደረጃ፦ ድምፅን አስቀድሙ

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ ዋናው መልእክት ድምፅ ይሁን፣ ጽሑፉ ማስታወሻ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ማንበብ የሚችሉት ሴቶች ከ100 42 ነበሩ። ባል አንብቦ ይነግራታል ማለት ይቻላል። ግን ባል የሚነግራት በራሱ ቃል አሳጥሮ ነው።

ይህ በአገራችን አዲስ አይደለም። ገበሬው 8028 ደውሎ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር የተቀዳ ምክር ሲሰማ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለምዷል። ሕንድ ውስጥም «ኪልካሪ» የሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ለነፍሰ ጡሮችና ለእናቶች በየሳምንቱ የተቀዳ ድምፅ ይደውላል። ማንበብ አይጠይቅም፤ ተራ ቀፎ ይበቃዋል።

ጽሑፍ የምትልኩ ከሆነ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ሁለት መልእክት ይከፈልና እያንዳንዱ 67 ይይዛል። ክፍያውም የሁለት ይሆናል። ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። ለምሳሌ ይህችን ተመልከቱ፦

«እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። እንገሩን አትድፊው፤ ልጁን ከበሽታ ይጠብቃል። አሁኑኑ አጥቢው።»

57 ናት። በአንድ መልእክት ትገባለች፣ የሚያስፈልገውንም ይዛለች።

ሌላም አለ። አንዳንድ አሮጌ ቀፎ የግዕዝ ፊደል አያወጣም፤ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ይደረድራል። ስትመዘግቡ አንድ የሙከራ መልእክት እዚያው ላኩና ስክሪኑን በዓይናችሁ እዩ። ካላወጣ ያቺን እናት በድምፅ ብቻ ያዟት። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ የከተማ ልማድ ነው፤ ገጠር ላይ አትሞክሩት።

በኢንተርኔት ላይ አትመርኮዙ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የምናውቀው ነው። ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ሥራችሁን እነሱ ላይ ገንቡ።

ቀረጻው ስቱዲዮ አይፈልግም። መስኮትና በር ዘግታችሁ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላችሁ፣ በስልክ መቅዳት ትችላላችሁ። አንዱ ቅጂ ከአንድ ደቂቃ ከግማሽ አይብለጥ። የሚናገረው ሰው ግን በአካባቢው የሚታወቅ ይሁን። የቀበሌዋ ኤክስቴንሽን ወይም የጤና ጣቢያው አዋላጅ ብትሆን ምርጥ ነው። የሬዲዮ ድምፅ ያለው ሰው አትፈልጉ። የወሎ እናት በወሎ አነጋገር፣ የጎጃም እናት በጎጃም አነጋገር ትስማ።

4ኛ ደረጃ፦ መልእክቱን በልጁ ዕድሜ ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ለሁሉም እናቶች አንድ ዓይነት መልእክት ይልካል። ለላኪው ይቀላል። ለእናቷ ግን የአራት ወር ልጅ ይዛ ስለ እንገር መስማት ነው። መልእክቱ የሚቆጠረው ልጁ ከተወለደበት ቀን ተነስቶ ነው።

እኔ የምመክረው አጠቃላይ 24 ያህል መልእክት ነው፤ ከመውለዷ በፊት 4፣ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት 6፣ ከዚያ እስከ ሁለት ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በየሁለት ሳምንቱ። መጀመሪያው ላይ የተጨናነቀው ሆን ተብሎ ነው። ነገሩ የሚበላሸው እነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው።

*ከመውለዷ በፊት።* ከስምንተኛው ወር ጀምሩ። ዋናው ነገር እንገር ነው። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ጥቂት ስለሆነ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ የሚደፋበት ቤት አለ። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስላስም እንዲሁ። ይህን ከወለደች በኋላ ብትነግሯት ረፍዷል፤ ቅቤው ተልሷል። አራቱን መልእክቶች ለባልና ለአማትም ላኩ። በምጥ ቀን አጠገቧ ሆነው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019ኙ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 እናቶች 48 ናቸው። ስለዚህ ግማሽ ያህሉ ልጅ የሚወለደው አዋላጅ በሌለበት ቤት ነው፤ የመጀመሪያውን ሰዓት የምትጠብቅለት አማቷ ናት።

*የወለደች ቀን።* አንድ ነገር ብቻ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረቷ ላይ አድርጋ ታስይዘው። ከእሱ በፊት ምንም አይቅመስ።

*ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን።* ሦስተኛው ቀን ላይ የተቀዳ ድምፅ ብቻ አትላኩ፤ ራሳችሁ ደውሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር እንድታጠባ ንገሯት። ስታስይዘው ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁሩንም ብዙውን ክፍል አፉ ውስጥ እንዲያስገባ፣ አገጩ ጡቷን እንዲነካ፣ አፉ በሰፊው እንዲከፈት። የጡት ጫፍ የሚቆስለው አብዛኛውን ጊዜ አያያዙ ሲበላሽ ነው። ሲያማት ዝም ብላ እንድትችል አትምከሯት፤ ጣቷን በልጁ አፍ ጠርዝ አስገብታ ታላቅቀውና እንደገና ታስይዘው።

*ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን።* «ወተቴ አነሰ» የሚለው ጭንቀት የሚጀምረው እዚህ ነው። ወተት በዓይን አይለካም። የሚለካው በሽንት ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ ልጁ በቀንና በሌሊት ቢያንስ 6 ጊዜ ከሸና በቂ እያገኘ ነው። ይህን አንድ መልእክት በተለያየ ቃል ሦስት ጊዜ ብትልኩት አይበዛም። ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ክብደት እንደሚቀንስ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚመልሰውም ንገሯት። አለበለዚያ «ከሳ» የሚለው ወሬ ይቀድማችኋል።

*ሦስተኛና ስድስተኛ ሳምንት።* ልጁ ድንገት ሌት ተቀን ጡት ይላል። እናቷ ወተቷ ያለቀ ይመስላታል። እውነቱ ልጁ እያደገ ነው። ብዙ በጠባ ቁጥር ብዙ ይመረታል፤ በመሀል ሌላ ወተት ከገባ ግን ጡቱ መልእክቱን አያገኝም፣ ወተቱም በእውነት ይቀንሳል። ስድስተኛው ሳምንት ላይ የ45 ቀን ክትባቱንም አስታውሷት።

*ክርስትና።* ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። «እስኪ ትንሽ ይቅመስ» የሚል ዘመድ ይበዛል። እዚህ ላይ በጥንቃቄ ሂዱ። «አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳ» የሚል ደረቅ መልእክት ስለ ቁርባንና ስለ ጸበል እንደተናገረ ተደርጎ ሊሰማ ይችላል። ያን ጊዜ ሥራችሁ ከእምነቷ ጋር ይጋጫል፤ ትሸነፋላችሁም። መልእክቱን ከመጻፋችሁ በፊት ከአጥቢያው ካህን ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ስለ ጾምም እንዲሁ። ብዙ እናቶች እያጠቡም ይጾማሉ፤ በዚህ ጉዳይ ከንስሐ አባቷ የምትሰማው ቃል ከእናንተ መልእክት ይልቅ ይከብዳል። ሙስሊም እናቶች ባሉበት ቀበሌ ኢማሙን አማክሩ። ቁርአን እናቶች ልጆቻቸውን ሁለት ሙሉ ዓመት እንዲያጠቡ ይናገራል፤ ይህ በኢማሙ ድምፅ ቢቀዳ ከማንኛውም የጤና ምክር በላይ ይሰማል።

*ሦስተኛና አራተኛ ወር።* ወደ አረም፣ ወደ አጨዳ፣ ወደ ገበያ ትመለሳለች። ይህን የሚነካ መልእክት ከሌላችሁ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለት ነገር ንገሯት፦ ከመሄዷ በፊትና እንደተመለሰች ታጥባው። መካከል ላይ ደግሞ ጡቷን በእጇ አልባ፣ በታጠበና በተከደነ ኩባያ ትታ መሄድ ትችላለች። በጥላ ቦታ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። የሚጠጣው በኩባያ ወይም በማንኪያ ነው፤ ጡጦ ገጠር ላይ አጥቦ ማንጻት በጣም ከባድ ነው። በሙቀት ጊዜ «ውሃ ጠማው» ለሚለውም መልስ ይኑራችሁ፤ የእናት ወተት ከ100 እጁ 88 ያህሉ ውሃ ነው።

*አምስተኛና ስድስተኛ ወር።* ልጁ እጁን ሲበላና የሰው ምግብ ሲያይ «ጎመዠ» ይባላል። እስከ 6 ወር እንድትታገስ ንገሯት። ስድስት ወር ሲሞላው ወፍራም ገንፎ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ ይጀምር፤ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ካሮትና ጎመን ይጨመርበት። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

5ኛ ደረጃ፦ አማርኛውን አስተካክሉ

አማርኛ ወንድና ሴት ይለያል። ሴት ልጅ ለወለደች እናት «አጥቢው» የሚል ቢደርሳት የሌላ ሰው መልእክት ይመስላታል። ስለዚህ የልጁን ጾታ መዝግቡና እያንዳንዱን መልእክት በሁለት አዘጋጁ፤ «አጥቢው» እና «አጥቢያት»። መንትያ ከሆኑ «አጥቢያቸው»።

እናቷን «አንቺ» በሏት፤ እንደ እህት። ለአማት የሚሄደው ግን «እርስዎ» ወይም እንደ አካባቢው «አንቱ» ይሁን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለክርስቲያን እናት ልብ የሚያሞቅ ሰላምታ ነው። የተደባለቀ ቀበሌ ከሆነ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ሁሉንም ይይዛል።

የመድረክ ቃል አታስገቡ። «የጡት ወተት ብቻ መመገብ» ከማለት «እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፤ ውሃም ቢሆን አይጨመር» በሉ። እንገርን «የመጀመሪያ ክትባት» ማለት የተለመደ ነው። እኔ ግን እተወዋለሁ። የተከተበ መስሏት የጤና ጣቢያውን ክትባት እንዳትተው እፈራለሁ።

አማትን አትውቀሱ። «ጎጂ ልማድ» የሚለውን ቃል ከሰማች በኋላ የሚመጣውን አትሰማም። ይልቅ ሥራ ስጧት፦ «እማማ፣ ለአራሷ ገንፎና አጥሚቱን እርስዎ ያውቁበታል። እሷን ያብሉልን፤ እሷ ልጁን ታጠባለች።» ይህ ለእኔ ከሁሉም መልእክቶች ውስጥ ምርጡ ነው። ሴትዮዋ ለልጁ ልትሰጠው የፈለገችውን እንክብካቤ በእናቱ በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለአምስት እናቶች አሰሟቸው። «ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አዎ» ነው የምትላችሁ። «ይህን ለጎረቤትሽ ንገሪያት ቢባል እንዴት ትነግሪያታለሽ?» በሏት። የምትናገርበትን ቃል ያዙና መልእክቱን በእሱ ጻፉት።

6ኛ ደረጃ፦ ሚስኮልና የሚመልስ ሰው

መልእክት መላክ ብቻ ማስታወቂያ ነው። እናቷ መጠየቅ መቻል አለባት። ሒሳብ ግን የላትም። ስለዚህ በገጠሩ ሁሉ የሚታወቀውን ሚስኮል ተጠቀሙበት። «ስትወልጂ ወይም ስትቸገሪ ሚስኮል አድርጊልን፤ እኛ እንደውላለን» በሏት። ነፃ ነው፣ ማንበብም አያስፈልገውም። መውለዷንም የምታውቁት በዚሁ ነው።

ከዚያ መልሶ የሚደውል ሰው መመደብ ግድ ነው። ሚስኮል አድርጋ ማንም ካልደወለላት ሁለተኛ አታደርግም። ሁለት ሰው በፈረቃ መድቡ፣ የአየር ሰዓት በጀት ያዙላቸው፣ በዚያው ቀን መመለስን ግዴታ አድርጉት።

ለሚደውለው ሰው አንድ ወረቀት አዘጋጁ። በስልክ ምክር ተሰጥቶ የማይታለፍ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ምልክት ይጻፍበት፦ ልጁ ጨርሶ አልጠባ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ገላው ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፉና የእግሩ ጫማ ቢጫ ከሆነ። እናቷ ደግሞ ደም ከበዛባት፣ ወይም ጡቷ ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ከያዛት። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው «ምች ነው» ብሎ በዳማ ከሴ ያልፈዋል። ሕክምና ይፈልጋል፤ እስከዚያውም ማጥባቱን አታቋርጥ፣ ጡቱ መታለብ አለበትና። ጡት እምቢ ያለን ልጅ እንጥሉን የሚያስቆርጡም አሉ። መልሳ የምትደውለው ሰው ይህን አስቀድማ ጠይቃ ታስቁም።

7ኛ ደረጃ፦ ሐዘን ለደረሰበት ቤት

በግምት የመውለጃ ቀን ላይ ተመሥርታችሁ «እንኳን ተገላገልሽ» የሚል መልእክት አትላኩ። ልጇን ላጣች እናት በሦስተኛው ቀን «ልጅሽ ስንት ጊዜ ሸና?» የሚል ድምፅ ቢደርስስ? የሚመለስ ስህተት አይደለም። ከወሊድ በኋላ ያለው የመልእክት ሰንሰለት የሚከፈተው ልጁ በሕይወት መወለዱን አንድ ሰው በአካል ወይም በስልክ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም ልጁ ቢሞት ኤክስቴንሽኗ በዚያው ቀን መልእክቱን የምታስቆምበት ቀላል መንገድ ይኑር፤ ለአንድ የታወቀ ሰው መደወል ይበቃል። ያቺ እናት ከዚያ በኋላ የሚደርሳት መልእክት ሳይሆን ጉብኝት ነው። ጡቷ ወተት እየሞላ ያማታልና እሱንም የሚያስታግስላት ሰው ያስፈልጋታል።

8ኛ ደረጃ፦ በትንሹ ጀምሩ፣ በሐቀኝነት ለኩ

በአንድ ቀበሌ፣ በ30 እናቶች ጀምሩ። ለ30 እናት ሶፍትዌር አያስፈልግም። አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ወደ መቶዎች ስታድጉ እንደ ራፒድፕሮ ያለ በነፃ የሚገኝ የመልእክት መላኪያ ሥርዓት ማሰብ ትችላላችሁ፤ ያኔ ከቴሌኮም ድርጅቱ ጋር አጭር ቁጥርና የጅምላ ዋጋ መዋዋል ይመጣል። በጀቱን ቀድማችሁ አስሉ። ለ100 እናት 24 መልእክት፣ እያንዳንዱ ሁለት ክፍል ከሆነ 4,800 ኤስኤምኤስ ነው። የዱቄት ወተት ከሚሸጥ ድርጅት ገንዘብ አትቀበሉ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ሽያጭ የሚገዛ ዓለም አቀፍ ደንብ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ውጤቱን ስትለኩ «ጡት ብቻ ነው የምታጠቢው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የምትፈልጉትን መልስ ታውቃለች። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ እስከ ዛሬ ጠዋት ልጁ ምን ምን ቀመሰ?» በሏት፤ ውሃ፣ አብሽ፣ የላም ወተት እያላችሁ አንድ በአንድ ጥቀሱ። ጠያቂዋም መልእክቱን የምትልከው ሰው አትሁን። መልእክት ካልደረሰው ጎረቤት ቀበሌ ጋር ካላነጻጸራችሁ ደግሞ ለውጡ ከስልኩ ይሁን ከሌላ ማወቅ አትችሉም። በየወሩ ስንት ጥሪ እንዳልተነሳ ቁጠሩ። ያልተነሱት ሲበዙ ሰዓቱን ቀይሩ ወይም ቤቷ ሂዱ።

9ኛ ደረጃ፦ ስድስት ወር ሲሞላ

የመጨረሻውን መልእክት በራሳችሁ ድምፅ አድርጉት። ደውሉና ስለ ምግብ አጀማመሩ አውሯት። ቁጥሯ ከዝርዝሩ እንዲሰረዝ ወይም እስከ ሁለት ዓመት እንዲቀጥል ትፈልግ እንደሆነ ጠይቋት። ስድስት ወር ጡት ብቻ ካጠባች አንድ ነገር ለምኗት፦ ያ ሦስተኛ ቀን እንዴት እንዳለፈ በራሷ ቃል ትንገራችሁ። ፈቃዷ ከሆነ ቅዱት። በሚቀጥለው ወር ለምትወልደው ጎረቤቷ ሦስተኛ ቀን ላይ ስትደውሉ ያንን አሰሟትና ንግግራችሁን ከዚያ ቀጥሉ።